ጭራቁ ሸራ ጫማ አድርጎ ነበር

(ሐዋሳ ውስጥ ስለ ድሮ አስፈሪ ፊልሞችና ስለ ተረሱ ካሴቶች በተዘጋጀ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂው የተገለበጠ)

እንደምን አመሻችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን አመሻችሁ!

እንዲህ ነው እንጂ። በሞንታርቦ ጩኸት ያደግን ሰዎች ነን፤ ዝግ ያለ ድምፅ አይገባንም።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በዚህ ዝናብ ጭቃውን ረግጣችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ኑ ወደ ፊት። እናንተ ደግሞ አግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው። ድሮ በእንዲህ ያለ አግዳሚ ስምንት ሰው ነበር የሚቀመጠው፤ ዛሬ አምስት ሆናችሁ ሞልቷል ትላላችሁ።

ብዙዎቻችሁ በሥራዬ ነው የምታውቁኝ። ቴፕ፣ ዴክና ቴሌቪዥን ስጠግን 20 ዓመት አልፎኛል። ንግግር አላውቅበትም። አዘጋጆቹ «ስለ ድሮ አስፈሪ ፊልምና ማንም ስለማያውቃቸው ዘፈኖች ንገሪን» ሲሉኝ የቀለዱብኝ ነው የመሰለኝ። ኋላ ሳስበው ግን ነገሩ ከማንም በላይ እኔን ይመለከተኛል። ለምን መሰላችሁ? ፊልሞቹን አላየኋቸውም። ዘፋኞቹንም አላውቃቸውም። (ሳቅ)

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛው ስለ አንድ የሚስማር ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው ስለ አንድ አውራ ዶሮ። ሦስተኛው ስለ ሻጋታ።

አንደኛ፤ ቀዳዳው።

ዘመኑ 1984 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ በወደቀ ማግስት። እኔ የ9 ዓመት ልጅ ነኝ። አረብ ሰፈር ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ፤ አዎ፣ እሱው ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር፣ መስኮቱ በጆንያ የተሸፈነ። ውስጡ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክና መቶ የሚሆን ወንድ። መግቢያው 50 ሳንቲም ነው፤ ሆረር ከሆነ 75። ለምን ይጨመራል ሲባል ባለቤቱ፣ እኛ ጋሼ ነበር የምንለው፣ «የድንጋጤ ነው» ይል ነበር። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። በጠመኔ «ዛሬ በ8 ሰዓት፤ የሐይቁ ጭራቅ፤ ልብ ድካም ያለበት እንዳይገባ» ተብሎ ይጻፋል። የፊልሙን እውነተኛ ስም ጋሼም አያውቀው። ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ «ጭ 4» ከሚል በስተቀር ምንም አልነበረበትም። ጭራቅ ቁጥር አራት።

እናቴ ከበሩ አጠገብ ሻይና ቆሎ ትሸጥ ነበር። እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ። መግባት? ሴት ልጅ? ቪዲዮ ቤት? ገብታ የታየች እንደሆነ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ይደርሳል። ስለዚህ እኔ ፊልሙን ሁሉ የማየው በጆሮዬ ነበር። ጋሼ ሰው ለመጥራት ሞንታርቦውን ደጅ ሰቅሎታል። በር ሲንሲያጠጥ፣ ሴት ስትጮህ፣ መጋዝ ሲንጫረር፣ ሁሉም ወደኛ ሻይ ይመጣል። የድራኩላን ሳቅ እየሰማሁ ስንት ብርጭቆ አጥቤያለሁ!

አንድ ቀን እጣቢ ልደፋ ወደ ጓሮ ስዞር ከቆርቆሮው ላይ ቀዳዳ አገኘሁ። ሚስማር ተነቅሎ የቀረ ቀዳዳ ነው፤ የቆሎ ፍሬ አያሾልክም። ዓይኔን ለጠፍኩበት። ምን ታየኝ? ሁለት ማጅራት፣ አንድ ኮፍያ፤ በመሃላቸው ደግሞ የቴሌቪዥኑ የታችኛው ግራ ጥግ። ይህችን ታህል። ፊት የለ፣ ጥርስ የለ። በዚያ ጥግ የሚያልፈው እግር ብቻ ነው።

ውስጥ ጸጥ ብሏል። ሞንታርቦው ላይ ኪቦርድ ሁለት ኖታ ይመላለሳል፤ ዱን ዱን፣ ዱን ዱን። ልጅቷ ጮኸች። ተርጓሚው፣ አዎ ተርጓሚ ነበረን፣ እንግሊዝኛ የሚያውቀው እኔ ቻይንኛ የማውቀውን ያህል ነው፣ «ወጣ! ከሐይቁ ወጣ! አልማዝ ሩጪ!» አለ። በየፊልሙ ልጅቷን አልማዝ ነው የሚላት። ድራኩላን ደግሞ «አራጣ አበዳሪው» ነበር የሚለው፤ ሁሉም ይገባው ነበር። መቶው ወንድ በአንድ አፍ «በስመአብ!» አለ። እኔ በቀዳዳዬ አያለሁ። ውሃ ይንጠባጠባል። አረንጓዴ ጨርቅ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ከጨርቁ ሥር ደግሞ… ሸራ ጫማ። ነጭ ሸራ ጫማ፣ ከነማሰሪያው። የግራው ማሰሪያ ተፈትቷል።

ጭራቁ ሸራ ጫማ አድርጓል!

ሳቄ አመለጠኝ። ውስጥ ሰው በፍርሃት ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ጓሮ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። እናቴ መጣች። «ምን ሆነሻል አንቺ?»

«እማዬ፣ የጭራቁ ጫማ ተፈትቷል።»

እናቴም ምንም ሳትደነቅ፣ «እንግዲያማ ይወድቃላ» ብላኝ ወደ ሻይዋ ተመለሰች።

ያን ማታ የሰፈራችን ወንዶች በሐይቁ በኩል አናልፍም ብለው ዞረው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ቤታቸው የገቡት። አልፈርድባቸውም። ሐዋሳ ውስጥ ማታ ከሐይቅ የሚወጣ ነገር ተረት አይደለም፤ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ መንገዱ ላይ የቆመበትንም አይምርም። ግን ጉማሬ ጫማ አያስርም። መቶ ወንድ 75 ሳንቲም ከፍሎ ያላየውን እኔ በነጻ አየሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ያ ጫማ ፊልሙን አበላሸው? አበላሸው ወይ? «አዎ» ያልከው ወንድሜ፣ ቆይ፣ አትቸኩል። እኔን ከፊልም ጋር ያስተዋወቀኝ ያ ጫማ ነው። ከቴሌቪዥኑ ወዲያ ሰው እንዳለ ያን ቀን ገባኝ። በማላውቀው አገር ያለ አንድ ጎረምሳ ጠዋት ጫማውን አስሮ ከቤቱ ወጣ። ጨርቅ ጠቀለሉበት፣ «ግባና ውጣ» አሉት፣ ብርድ ላይ ቆመ። ፈራሁለት እንጂ አልፈራሁትም።

ኋላ እያነበብኩ ስሄድ ጫማው የሚታየው የእኛ ጭራቅ ብቻ እንዳልሆነ አወቅሁ። ጆርጅ ሮሜሮ የሚባል አሜሪካዊ በ1968 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የሚለውን ፊልም ሠራ። ያወጡት በጠቅላላ 114 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ለአሜሪካ ፊልም የሻይ ገንዘብ ማለት ነው። ደሙ ምን ነበር? የቸኮሌት ሽሮፕ! ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማን ያውቃል? ሬሳዎቹ የሚጎርሱት ሥጋም ከሥጋ ቤት የመጣ ነው። ይህ ብቻ አይደለም። በመጨረሻ ሰዓት የፊልሙ ስም ሲለወጥ የባለቤትነት ማስታወሻውን አዲሱ ርዕስ ላይ መጻፍ ተረሳ። በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ ይህ ማለት ፊልሙ የሁሉም ሆነ ማለት ነው፤ የፈለገ ሁሉ ቀድቶ ሸጠው። ጋሼን ካሴት ያባዛል ብለን ስናማው ኖረናል። ያንን ፊልም አባዝቶ ቢሆን ኖሮ ግን ንጹሕ ሰው ነበር። (ሳቅ)

ቤላ ሉጎሲን የምታውቁ አላችሁ? የ1931ዱ ድራኩላ። አርጅቶ፣ ደህይቶ በ1956 እ.ኤ.አ. ሞተ። ኤድ ዉድ የሚባል ዳይሬክተር ግን ከመሞቱ በፊት የቀረጸው የጥቂት ደቂቃ ምስል እጁ ላይ ነበር። ምን አደረገ? በዚያች ምስል ዙሪያ ሙሉ ፊልም ሠራ! የጎደለውን እንዲሞላለት ደግሞ የሚስቱን የጀርባ አካሚ አመጣ። ሰውየው ከሉጎሲ ይረዝማል፣ መልኩም አይመስለውም። ስለዚህ ከጥግ እስከ ጥግ ካባውን ፊቱ ላይ ጋርዶ ነው የሚሄደው። አሞራ ገደል ክንፉን ሰብስቦ አንገቱን ቀብሮ የሚቆመውን አባ ኮዳ አይታችኋል? ልክ እንደሱ። ይህን ፊልም ብዙ ሰው የዓለም መጥፎው ፊልም ይለዋል። እኔ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። ጓደኛው ሞቶበት «ሥራው አይቀርም» ያለ ሰው ይታየኛል፤ ጓደኝነትም ይሁን ድህነት አላውቅም፣ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ግን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። «የድሮ ጊዜ፣ የድሮ ፊልም» እያልኩ ላስለቅሳችሁ አልመጣሁም። አብዛኞቹ ፊልሞች የማይረቡ ነበሩ። ቪዲዮ ቤቱም ትኋን ነበረው፣ ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ ኪስ ይገባል። ደግሞም አትርሱ፣ እኔ ውጭ ነበርኩ። ያልተፈቀደልኝን ቤት ነው የምናፍቀው። ወንዶቹ «ወርቃማ ዘመን ነበር» ሲሉ እሰማለሁ፤ እሺ፣ ይሁን። የእኔ ወርቅ ግን የቆሎ ፍሬ የማታሾልክ ናት።

ወደ ዘፈኑ ልግባ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ያ ዱን ዱን የሚለው ኪቦርድ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. «ሃሎዊን» የሚባለውን ፊልም የሠራው ጆን ካርፔንተር፣ ሙዚቀኛ የሚቀጥርበት ገንዘብ ስላልነበረው ሙዚቃውን ራሱ በሦስት ቀን ሠራው። የገዳዩ ጭምብልም ከሱቅ ከሁለት ዶላር ባነሰ የተገዛ ነው፤ የኅዋ ተከታታይ ፊልም ላይ ካፒቴን የነበረው የዊልያም ሻትነር ፊት። ነጭ ቀለም ቀቡት፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት፣ በቃ። እንግዲህ ገንዘብ ሲያጥር ባንዱ ይቀራል፣ አንድ ሰውና አንድ ኪቦርድ ይተርፋል። ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ነው? አይደለም!

ሁለተኛ፤ ዶሮው።

አጎቴ የሞያሌ መስመር ሹፌር ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ካሴት ያመጣል። ከእነዚያ አንዱ ይኸውና፣ ይዤው መጥቻለሁ። ባለ 90 ደቂቃ ነው። ሽፋን የለው፣ ስም የለው። ኤ ሳይዱ ማናችንም በማናውቀው ቋንቋ የተዘፈነ ነው። አጎቴ ቃሉን ሳያውቀው ከዳር እስከ ዳር ይዘፍነው ነበር፤ እንደ ጭነቱ ዓይነት አንዳንድ ቃል ይለውጥበታል። ድንች ከጫነ ድንች ይገባበታል።

ቢ ሳይዱ አማርኛ ነው። አንዲት ሴት፣ አምስት ዘፈን። ድምጿ ቀጭን ነው፣ ከፍ ስትል ይሰነጠቃል፤ ግን አትመለስም፣ ተሰንጥቆም ትቀጥላለች። ከኋላዋ አንድ ኪቦርድና የማሽን ከበሮ ብቻ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ፣ አውራ ዶሮ ይጮኻል። እውነተኛ ዶሮ! ስቱዲዮ አይደለም ማለት ነው፤ ሰው ቤት ነው የቀዱት፣ ጠዋት ይመስለኛል፣ በሩን ዘግተው። ልታቆም ትችል ነበር። ከመጀመሪያው እንቅዳ ማለት ይቻል ነበር። አላቆመችም። እንዲያውም በደንብ ስትሰሙት ዶሮው እስኪጨርስ ግማሽ ትንፋሽ ጠብቃው ነው የምትቀጥለው።

ለምን ሰው ቤት ተቀዳ? ለምን አንድ ኪቦርድ? ይህ ታሪክ አለው፤ ወጣቶቹ ስሙኝ። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር በአዋጅ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ አምሃ እሸቴ ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ከፈተ። የመጀመሪያው ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ትልቅ ባንድ። ከዚያ ደርግ መጣ፤ ከደርግ ጋር ሰዓት እላፊ መጣ። ማታ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ በሩ ተቆልፎ እስከ ንጋት ይጨፈር ነበር። አምሃም ከአገር ወጣ፣ ሌሎችም ወጡ። ሸክላ ቀረ፣ ካሴት ተተካ። ያ ሁሉ ነፋስ መሣሪያ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ኪቦርድ ተጠቀለለ። አዋቂዎቹ ይህን ዘመን ዝቅ ሲያደርጉት እሰማለሁ፤ «የካሲዮ ዘመን» ይሉታል። እኔ አልስማማም። በፍጹም አልስማማም።

ኃይሉ መርጊያን ውሰዱ። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርዲስት። ባንዱ አሜሪካ ከሄደ በኋላ እዚያው ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ አንድ ካሴት ቀዳ። «ሸሞንሟናዬ»ን የሚያውቅ ያውቀዋል። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተሰማ፣ ተረሳ። ሰውየው ታክሲ መንዳት ያዘ። ኪቦርዱን ግን የታክሲው የኋላ ኮፈን ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ደንበኛ ሲጠብቅ ያወጣና ይለማመዳል። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ፈረንጅ ባሕር ዳር ሙዚቃ ቤት ገብቶ ያንን ካሴት አገኘ፣ ፈልጎ ደወለለት። በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ። ኃይሉም በስተርጅና ዓለምን እየዞረ ተጫወተ።

እስቲ አስቡት። ባሕር ዳር ያለው ባለሱቅ «ይህ አሮጌ ነው» ብሎ ጥሎት ቢሆንስ? እኛስ ስንቱን ጥለናል? እኔ ራሴ ስንቱን ጥያለሁ? በእነዚህ እጆቼ «ሻጋታ ነው፣ አይሠራም» ብዬ የጣልኩት ካሴት ዛሬ ሌሊት ያስነሣኛል።

ሦስተኛው ነገር ይኸው መጣ። ሻጋታው።

በሙያዬ ስለሆነ ታገሡኝ። ካሴት ውስጥ ያለው ክር ምንድን ነው? ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተለጠፈ የዝገት ብናኝ ነው። ዝገት! እንደዚህ ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ውስጥ 135 ሜትር ገደማ ክር አለ፤ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሙጫው እርጥበት ይጠጣል። ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ብናኙ ይረግፋል። የቪዲዮውም ያው ነው። እኛ ደግሞ ሐይቅ ዳር ነን፣ ክረምታችንን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ አልጋ ሥር አታስቀምጡ። አቁማችሁ ደርድሩት፣ አታጋድሙት። ከሞንታርቦ አጠገብ አታድርጉ፣ ማግኔት አለበት። ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ደግሞ በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ፣ «እስቲ ይሠራ እንደሆን» ብላችሁ ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱ። ክሩም ይበጠሳል፣ ሻጋታው ማጫወቻውን በክሎ ቀጥሎ ወደሚገባው ካሴት ይተላለፋል። ሌላው፣ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሩ። እነሱ ከተሰበሩ በስህተት ላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። የአጎቴን ካሴት ያተረፈው እሱ ነው፤ የአክስቴ ልጅ የእግር ኳስ ጨዋታ ሊቀዳበት ሞክሮ አቅቶታል።

ለሰው ስትሰጡም ተጠንቀቁ። እኔ ባለሙያ ነኝ ባይዋ፣ ዴኬ በተበላሸበት ሰሞን የእናቴ ድምፅ ያለበትን አንድ የቪዲዮ ካሴት ወደ ፍላሽ እንዲገለብጡልኝ ለአንድ ቤት ሰጠሁ። የት እንደሆነ አልናገርም። ፍላሹ መጣ። ከፈትኩት። የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል። አየሁት፣ ምን ላድርግ? ሙሽሪት ታምራለች፣ ሚዜው ሰክሯል። ካሴቱን ስጠይቅ «ጠፋ» አሉኝ። አሁን እንደ እናንተ ስቄ ነው የማወራው፤ ያኔ ግን አልሳቅሁም። የእናቴ ድምፅ ሌላ ቦታ የለኝም።

ዴክ የሚሠራም የለም። የመጨረሻው ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. አቁሟል። የምንጠግነው አንዱን አርደን ለሌላው እየሰጠን ነው። ግን ተስፋ አትቁረጡ። በ1922 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ «ኖስፈራቱ» የሚባል የደም መጣጭ ፊልም ተሠራ። የድራኩላን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ሚስት ያለ ፈቃድ ነው ብላ ከሰሰች፣ ፍርድ ቤቱም ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ አዘዘ። ሁሉም! ዛሬ ግን ፊልሙ አለ። እዚህም እዚያም ያልተቃጠለ ቅጂ ተረፈ። እኛን የከሰሰን የለም፣ አቃጥሉ ያለን የለም። ዝም ብለን ነው የምንጥለው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ቤታችሁ ሂዱ፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ ያለውን ካርቶን አውርዱ። ስም የሌለውን ካሴት አምጡልኝ። የታወቀውን አይደለም፤ የታወቀው ስልካችሁ ላይ አለ። ስም የሌለውን። አልቆርጥም፣ አላስከፍልም፣ ፊታችሁ ቀድቼ እመልሳለሁ። በተለይ «ጭ» የሚል ፊደል የተጻፈበት የቪዲዮ ካሴት ያለው ሰው ካለ፣ ማታም ቢሆን ይቀስቅሰኝ።

የአጎቴን ካሴት አሁን አሰማችኋለሁ። ይህችን ሴት 30 ዓመት ጠይቄባታለሁ፤ ሹፌር ጠየቅሁ፣ ሙዚቃ ቤት ጠየቅሁ፣ ዲላ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። ምናልባት ከእናንተ መካከል ድምፁን የሚያውቀው ይኖራል። ምናልባት የአንዳችሁ ጎረቤት ናት። ምናልባት እዚህ ተቀምጣ ይሆናል፣ ማን ያውቃል? ወይም ዶሮው የአንዳችሁ ቤት ዶሮ ነበር። (ሳቅ)

ወንድሜ፣ መብራቱን ቀነስ አድርግልኝ። ሞንታርቦውን ደግሞ ወደ ደጅ አዙረው፤ ውጭ የቆመ ሰው ካለ ይስማ።

ዶሮው ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ነው። እሽ… ጸጥታ።